ያላገላበጥኩት ወረቀት

ነሐሴ ሲገባ የእኛ ሥራ ይሞታል። ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ልደታ ውስጥ በማመልከቻና በፎቶ ኮፒ የምንኖር ሰዎች በራችንን ከፍተን ዝናብ እናያለን። አንዳንዱ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። አንዳንዱ ደብተርና እስክሪብቶ አምጥቶ የትምህርት ቤት መክፈቻን ይጠብቃል። የእኔ አሠሪ ግን አይዘጉም፤ ሌላ ነገርም አይሸጡም። ዕድሜያቸውን በዚያች ጠባብ ክፍል የሰው ክስና አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ኮፒ አነሳለሁ።

ኮፒ ማንሳት ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እናቴ ስትታመም ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋና ቤት ቀረሁ። ሥራው ብዙ ንግግርም አይጠይቅም፤ የወደድኩትም ለዚያ ነው። ሰው ወረቀቱን ይዘረጋል፣ "ሦስት ሦስት" ይላል፣ አነሳለታለሁ። አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ አንዱ ለራሱ ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ነበር።

"አታንብቢ" አሉኝ። "እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሰው ገመና ነው። ፍቺው፣ ውርሱ፣ ጠቡ። ያንቺ ሥራ ማንሳት ነው።"

ይህ ለእኔ ከባድ ትእዛዝ አልነበረም። ማንበብ ያዳግተኛል፤ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ይብሳል። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ አልችልም፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት፣ ፍርድ ቤቱ በተዘጋ በሳምንቱ፣ ስልኬ የዝናብ ውሃ ያጠራቀምንበት ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ቀብሬ አቆየሁት፤ አልተነሳም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራ መፍታት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ አጎንብሼ ቪዲዮ ሳሳልፍ ይመሽልኝ ነበር። ያ ሲቀር ቀኑ ረዘመብኝ። ከፊታችን ባለው ድልድይ ላይ የሚያልፈውን የከተማ ባቡር መጠበቅ ጀመርኩ፤ እሱም ሰለቸኝ። የማሽኑን መስታወት ወለወልኩ፤ ከምሳ በኋላ ተነስቼ ያንኑ መስታወት ደግሜ ወለወልኩ።

በራችን ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት አለች። እሷ ዝምታዬን አትፈራውም።

"አንቺ፣ ዛሬም ምላስሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?" አለችኝ።

"ደበረኝ" አልኳት።

"ውይ! ተናገረች! እትዬ፣ ሰሙ? ደበረኝ አለች!"

እትዬ ከሚያነቡት ጋዜጣ ቀና ሳይሉ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት፣ ነው የሚባለው" አሉ። "ያንን ካርቶን አውጪና ቅደጂ። ድብርቱ ይለቅሻል።"

ካርቶኑ ውስጥ የተበላሹ ኮፒዎች ይጠራቀማሉ፤ የጠቆረው፣ የተጣመመው፣ ግማሹ የተቆረጠው። ቆሎ ሻጯ ለመጠቅለያ ትወስዳቸዋለች። ግን እንዳለ አይሰጣትም። ስም፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ቦታ ተቀዶ ይወጣና የቀረው ይሰጣታል። ሥራ ሲበዛ ይህን የምሠራው በችኮላ ነው፤ ከላይ አንድ ጊዜ፣ ከታች አንድ ጊዜ ቀድጄ እገላገላለሁ። አሁን ግን የሚያስቸኩለኝ ስለሌለ ስሙ የቱ ጋ እንዳለ እየፈለግኩ በቀስታ እቀድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ በጣም የጠቆረ ወረቀት እጄ ገባ። የድሮ የእጅ ጽሑፍ ነው። አወቅኩት። ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ያመጡት ነው። የመጀመሪያው ኮፒ ጠቁሮ ሲወጣ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩትና ማሽኑን አስተካክዬ ሦስት ጥርት ያለ ኮፒ ሰጠኋቸው። ክሱን የጻፉላቸው እትዬ ናቸው። አሮጊቷ ለእትዬ ሲነግሩ ጆሮዬ ሰምቷል፤ ወንድማቸው ሞቷል፣ ልጆቹ ደግሞ አክስታችን ናት ሳይሉ ቤቱን ልቀቂ እያሏቸው ነው።

ስሙን ልፈልግ ብዬ ነበር ያየሁት። ከዚያ አንዱ መስመር ሌላውን ጎተተ። ዝናቡ ይዘንባል፣ እትዬ አንቀላፍተዋል፣ የሚያየኝ የለም። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። እናት ሲሞቱ እህትና ወንድም በሽማግሌ ፊት የተስማሙበት ወረቀት ነው። ጌጃ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ግቢ፣ የፊቱ ቤት ለወንድም፣ የጓሮው ሁለት ክፍል እናታቸውን እስከ መጨረሻው ላስታመሙት እህት ይሁን ይላል። ወደ ታች ፊደሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ቦታ አልቆበታል። የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ ነው የደገምኳት። "እኛም ተስማሚዎችና ሽማግሌዎች በዚህ ወረቀት ጀርባ ፈርመናል" ትላለች።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ኮፒ ነውና ጀርባው ባዶ ነው። መልሼ በፊቱ በኩል ወደ ብርሃን ያዝኩት። በጽሑፉ መሐል ደብዛዛ ክብ ክብ ነገር ይታያል። ያን ቀን ቀለም የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። የአውራ ጣት አሻራ ነው። ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲያጠቁር ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ወደ ፊት ያሳልፋል። ጥርት ባሉት ኮፒዎች ላይ ይህ ጥላ የለም። ጀርባውን ደግሞ አላነሳሁትም። ያን ቀን ወረቀቱን ከመስታወቱ ሳነሳ ቀጣዩ ሰው የራሱን አስቀምጦ ነበር።

መዝገቡ ውስጥ የገባው የአሮጊቷ ማስረጃ አንድም ሰው ያልፈረመበት፣ ማንም ተነስቶ ሊጽፈው የሚችል ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ቤታቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለእትዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ቆዩበት።

"ማን አንብቢ አለሽ?"

የመጨረሻዋን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው።

"ማን አንብቢ አለሽ፣ ነው የምልሽ።"

"ሥራ ስለሌለ…"

"ዋናው በእጃቸው ነው። የቀጠሮአቸው ቀን ይዘውት ይቀርባሉ፤ ያኔ ይታያል። አለቀ።"

"ያኔ አንቀበልም ቢሏቸውስ? ክሱ ላይ 'የስምምነት ውል፣ አንድ ገጽ' ነው የሚለው።"

የክሱንም የተበላሸ ኮፒ ካርቶኑ ውስጥ አግኝቼ አንብቤው ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። አንድ ገጽ ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ያን ቀን ሰልፍ ነበረባቸው።

"ስሚኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሄደሽ ብትነግሪያቸው ነገ እዚህ በር ላይ ቆመው ይጮሃሉ። ማስረጃዬን አጠፉብኝ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ወረቀቱን አምኖ ይሰጠናል? አንቺስ የት ትሠሪያለሽ?" ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና አራት ቦታ ቀደዱት። ቁራጩን ለቆሎ ሻጯ አልሰጡም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሥራ የሚበዛበት ወር ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር እዚያው ይቀር ነበር። ራሴን አውቃለሁ። ሳጠፋ የሚያድነኝ ቀጣዩ ሰው ነው። "ቶሎ በይ እህት፣ ችሎት ሊገባ ነው" ይለኛል፤ እኔም የበፊቱን እረሳለሁ። ስልኬም ቢኖር ያው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ቀጣይ ሰው አልነበረም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ወለሉን አያለሁ፤ ከወለሉ ላይ አሮጊቷ ይመጡብኛል። ወደ ማሽኑ እዞራለሁ፤ እዚያም አሉ። የሠራሁትን ነገር ጠርዙን፣ ከላዩን፣ ከሥሩን ለማየት ጊዜ ነበረኝ። ሥራ መፍታት ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን ሰው ደበረኝ ሲል ስሰማ በውስጤ፣ ትንሽ ይደብርህ፣ እላለሁ። ያኔ ግን ጥቅሙ አልታየኝም፤ የታየኝ ማምለጫ ማጣቴ ብቻ ነው።

እትዬ ወረቀቱን በቀደዱ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ቅዳሴ ልሂድ አልኳቸው። ፍልሰታ ስለነበር አልጠየቁኝም። በልደታ ማርያም በኩል ነጠላ ለብሶ ከሚጎርፈው ሰው ጋር ትንሽ ሄድኩና ወደ ጌጃ ሰፈር ታጠፍኩ። ዋሽቼ ስለወጣሁ ቤተ ክርስቲያኑን ቀና ብዬ አላየሁም።

ወፍጮ ቤቱን ማግኘት አላስቸገረኝም። ከጀርባው ያለውን የቆርቆሮ በር ግን ሦስት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ። ያጠናሁትን ንግግር በልቤ ደጋግሜው ነበር፤ ሳንኳኳ ግን የከፈተችልኝ አሮጊቷ አልነበሩም። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት።

"ማንን ነው?"

"እማማን…"

"የጓሮዋን?" ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "ምን ፈልገሽ ነው?"

ግቢው አንድ መሆኑን፣ የፊቱም ቤት ለተከሳሾቹ አባት መሰጠቱን ወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ፤ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ይሆናሉ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው የመጣሁት ብል የአሮጊቷ ማስረጃ መጉደሉ ይታወቃል። የምለው ጠፋኝና ቆምኩ። ሰው ፊት አፌ መያዙን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ኖሬ ያን ቀን ብቻ ጠቀመኝ።

"ዲዳ ናት እንዴ!" አለችና ወደ ውስጥ ጮኸች። "አክስቴ! እንግዳ አለሽ። አትናገርም እንጂ ቆማለች!"

የጓሮው ክፍል ስገባ አሮጊቷ ሰፌድ ይዘው ክክ እየለቀሙ ነበር። የጣሪያቸው ፍሳሽ ሳፋ ውስጥ ይንጠባጠባል። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁና ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ወረቀቱን፣ ጀርባውን፣ አንድ ገጽ የሚለውን። ስጨርስ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

"ማን ነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም፣ እማማ።"

"የፊት ቤቶቹ አነጋግረውሻል?"

"አላነጋገሩኝም። አላውቃቸውም።"

"እንግዲህ ዋናውን ስጪኝ፣ ወስጄ አንስቼ ላምጣልሽ ልትይኝ ነዋ?"

መንገድ ላይ ያጠናሁት እሱን ነበር። ልረዳቸው ያሰብኩት ነገር ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሌባ ንግግር ሆነ።

"አይ፣ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ። እኔ አልነካውም" አልኳቸው።

አሮጊቷ ተነሱ። ከዚያ ከፍራሻቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ፣ ከፌስታሉ ሌላ ፌስታል። ወረቀቱን ከሩቅ ይዘው ጀርባውን አሳዩኝ። ወይን ጠጅ የመሰሉ አምስት አሻራዎች፣ ከሥራቸው ስም።

"ይሄ የነፍስ አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይሄ የዕድሩ ዳኛ፣ እሱም ሞቷል። ይቺ ጎረቤታችን ናት፣ እሷ አለች፤ ግን ዓይኗ ጠፍቷል። ይሄ የእኔ። ይሄ የወንድሜ ነው። አናጢ ነበር፤ መጋዝ የቆረጠው ቦታ ይኸው፣ መሐል ላይ ያለው መስመር።" ጣታቸውን ሳያስነኩ ከእያንዳንዱ በላይ አሳለፉት። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ። የማን ጣት የት እንዳለ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። አንቺ ፊደል እያለሽ አንድ ጊዜ መገልበጥ ከበደሽ?"

ከመሬት የወደቀ ክክ ለቅሜ ሰፌዱ ላይ መለስኩ።

"ስንት ሰው እንዲህ አድርገሻል?" አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ በእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

ይምጡ አይምጡ ሳይነግሩኝ ተለያየን። ነሐሴ አለቀ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ አልመጡም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ። ካርቶኑን እንደገና አውጥቼ የቀረውን ሁሉ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። እትዬ ያዩኛል፣ አይናገሩኝም። መጀመሪያ በቀን አምስት ወረቀት ነበር የማነበው፤ መስከረም ሲጋመስ አሥራ አምስት ደረስኩ። የእጅ ጽሑፍ እንደ ሰው ፊት እየለመድኩት መጣሁ። አንድ ቀን "ወደ ጀርባው ይዞራል" የሚል ወረቀት አገኘሁ። ጀርባውን አንስቼው ይሆን፣ አላስታውስም። የማን እንደሆነ ልፈልግ ስል ስሙ ያለበት ቦታ የለም። እኔው ቀድጄዋለሁ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ጥቅምት ገብቶ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ሰልፉ ተመለሰ። አሮጊቷ የመጡት በሁለተኛው ቀን ነው። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ራሳቸው አስቀመጡት፤ እጃቸውን ግን አላነሱም።

"እማማ፣ ክዳኑን ልዝጋው።"

"እንዲሁ አንሺው።"

"ብርሃን ይገባበታል።"

"ይግባ።"

ከኋላ የቆመ ጠበቃ "እናቴ፣ ወረቀቱ አይበርም፣ ይልቀቁት እንጂ" ብሎ ሳቀ። አልለቀቁም። ክዳኑ እንደተከፈተ አነሳሁት። አምስቱ አሻራ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ በጠርዙ ላይ ደግሞ የአሮጊቷ አራት ጣቶች ጠቁረው ወጡ። ሦስቱም ኮፒ ላይ አሉ።

እትዬ ሁሉን ሲያዩ ነበር። ተነስተው ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ። አንድ ወረቀት ጎተቱና ኮምፒውተራቸው ፊት ተመቻቹ።

"ተጨማሪ ማስረጃ ለማያያዝ የቀረበ ማመልከቻ ነው የሚያስፈልጋቸው" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ትንሽ ጻፉና ቆሙ። "ምክንያቱ ምን ይባል?"

"በእኔ ስህተት ይበሉ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ "በኮፒ አንሺዋና በጸሐፊዋ ስህተት" ብለው ጻፉ። ለአሮጊቷ ሲያነቡላቸው ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከእኔ ጋር እንደ ድሮው አይጫወቱም። ሥራዬን አላስለቀቁኝም፤ ይቅርም አላሉኝም።

መዝገብ ቤት ማመልከቻውን ተቀበለ። ሠራተኛው ኮፒውን አየና "ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?" አለ። "ጣቴ ነው" አሉት አሮጊቷ። ሳቀና ማኅተሙን መታበት። መቀበሉ ግን መያያዙ አይደለም፤ እሱን የሚወስኑት ዳኛው ናቸው።

የቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ገባሁ። የፊት ቤቶቹ ጠበቃ ተነስተው ማስረጃው ዘግይቷል፣ ክሱ ላይ አንድ ገጽ ተብሎ ሳለ አሁን ጀርባ መጣ ማለት ተቀባይነት የለውም፣ ኮፒ አንሺ የተባለችውም ሰበብ ናት ብለው ተቃወሙ። ዳኛው ማመልከቻውን አነበቡ።

"ኮፒ አንሺዋ የተባለችው አለች?"

አሮጊቷ ዞር ብለው በጣታቸው አመለከቱኝ። ችሎቱ በሙሉ ዞረ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ከፊት ተቀምጣለች፤ ስታውቀኝ ዓይኗ ፈጠጠ። ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አይሰማም። ቀረብ በይ። አንቺ ማን ነሽ?"

"ጀርባውን ያላነሳሁት።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ነሐሴ ላይ። ሥራ አልነበረም። ደብሮኝ… የተበላሸውን ሳነበው።"

"ደብሮሽ አነበብሽው?"

"አዎ። ካልደበረኝ አላነብም ነበር።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ጻፉ። ዋናውን ወረቀት ከአሮጊቷ እጅ ተቀብለው ፊቱንና ጀርባውን ደጋግመው አዩ። ወረቀቱ ከእጃቸው በወጣበት ጊዜ አሮጊቷ እንዴት እንደቆሙ ልጽፈው አልችልም። ከዚያ ዳኛው ማስረጃው ይያያዝ፣ በሕይወት ያሉት ምስክር ቀርበው ይሰሙ ብለው ለሌላ ቀን ቀጠሩ።

ፀሐዩ ላይ ወጣን። አሮጊቷ አላመሰገኑኝም፤ አልረገሙኝምም። ደረጃው ሥር ቆመው ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ፣ ፌስታሉን ወደ ሌላው ፌስታል መመለስ ጀመሩ። አንድ እጃቸው ለፀሐይ በዘረጉት ጃንጥላ ስለተያዘ ተቸገሩ። እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን በብብታቸው ጠበቅ አድርገው ጃንጥላውን ሰጡኝ።

"ለቀጠሮውም ትመጫለሽ?" አሉኝ።

"እመጣለሁ።"

"ያቺ ጎረቤቴ ዓይኗ አያይም። አሻራዋን የሚያሳያት ሰው የለም። ምን ብላ እንደምትመሰክር እንጃ።"

ፌስታሉን አስረው እስኪጨርሱ ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ይዤ ቆምኩ። ፍርዱ ገና ነው። እሳቸውም እስከ ዛሬ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ አሉ።